አርባዎቹ ልጆችና ጡሩምባቸው

እረኛ ዋሽንት ሲነፋ ያልሰማ ማን አለ? ዋሽንት ለብቻ ይነፋል። ነፊው ጣቶቹን በቀዳዳዎቹ ላይ እያነሳና እያሳረፈ ዜማውን ያወጣል። እምቢልታ ግን እንዲህ አይደለም። የጣት ቀዳዳ የለውም። አንዱ እምቢልታ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች እየተቀባበሉ ይነፉታል። አንዱ ከቀረ ዜማው ጎደለ ማለት ነው። ድሮ ነገሥታትና መኳንንት ሲጓዙ ነጋሪት ይመታ፣ እምቢልታና መለከት ይነፋ ነበር።

እንግዲህ ሆኖ አብሮ መንፋት ለአገራችን አዲስ አልነበረም። አዲሱ ነገር ከውጭ የመጣው የነሐስ ጡሩምባ ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ይህን የመሰለ መሣሪያ ለአጼ ምኒልክ ልኮ ነበር። በጡሩምባና በከበሮ አብረው የሰልፍ ዜማ የሚጫወቱ ሰዎች ማርሽ ባንድ ይባላሉ። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ ማርሽ ባንድ ነው። ዕድሜው አጭር ነበር።

በ1907 ዓ.ም. በቱርክ ግዛት ይኖሩ በነበሩ አርመኖች ላይ ታላቅ እልቂት ተጀመረ። እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። ብዙ ሕፃናት ያለ እናትና አባት ቀሩ። ከነዚህም አንዳንዶቹ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የአርመኖች ገዳም ተጠለሉ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን፣ ኋላ አጼ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፣ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው ልጆቹን አዩ። አሳዘኗቸውም፣ ደስም አሰኟቸው። የገዳሙን አለቃ አስፈቅደው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። ልጆቹ የደረሱት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው። ስማቸው በዚያው ቀረ።

አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላል። እሱም አርመን ነው። አርባ ሰው አንድ ላይ ሲነፋ እንዴት አይደበላለቅም? ዜማው በወረቀት ላይ በምልክት ይጻፋል። ምልክቱ ኖታ ይባላል። ድምፁ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል፣ ሲረዝም ወይም ሲያጥር ምልክቱ ያሳያል። ነፊው በዓይኑ ያነባል፣ በከንፈሩና በትንፋሹ ይናገራል። እናንተ ሀ ሁ ስትጀምሩ ፊደሉ እንዴት እንዳስቸገራችሁ ታስታውሳላችሁ አይደል? ኖታም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ነው።

ኬቮርክ ለራስ ተፈሪ አንድ የማርሽ ዜማ ደረሰ። የአማርኛውን ግጥም ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፈው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አጼ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ጫኑ። ያ ማርሽም የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆነ። የ1966 ዓ.ም. አብዮት መጥቶ መዝሙሩ እስኪለወጥ ድረስ በየትምህርት ቤቱ ተዘምሯል። ከመካከላችሁ በዕድሜ የገፋችሁት ትዝ ይላችሁ ይሆናል።

የአርባዎቹ ልጆች ባንድ ግን ያን ያህል አልቆየም። አራት ዓመት ያህል ነፍቶ ተበተነ። ከፊሎቹ ወደ ሌላ አገር ሄዱ። አንዳንዶቹ እዚሁ ቀሩ። ወላጅና አገር አጥተው የመጡ ልጆች ናቸው፤ ሁለተኛ ጊዜ መበተኑ ቀላል አልነበረም። ለኛ ግን ትልቅ ነገር ትተውልን ሄደዋል። ኬቮርክ ከባንዱ በኋላም በኢትዮጵያ ሙዚቃ ማስተማሩን ቀጠለ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም መጥቶ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አሠለጠነ። ከጊዜ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተነሱ። የኛው ልጆች ኖታ እያነበቡ የራሳችንን ዘፈን በጡሩምባና በሳክስፎን ተጫወቱ።

ከነዚያም ዘፈኖች አንዳንዶቹ በባቲ ቅኝት ናቸው። ቅኝት ማለት ዜማው የሚሄድበት የድምፅ መንገድ ነው። ትዝታ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፣ ባቲ ይባላሉ። ባቲን መቼም እናውቃታለን። ከከሚሴ ወደ ኮምቦልቻ ወጥተን፣ ከዚያ በስተ ምሥራቅ ቁልቁል ወርደን ሰኞ ሰኞ የምንገበያይባት ያቺው ባቲ ናት።