የመርፌው ቀዳዳ የሚታየው፣ የአውቶቡሱ ቁጥር የማይታየው ልጅ

ልጄ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ መርፌ ላይ ክር የሚያስገባልኝ እሱ ነበር። እኔ አርባን ተሻግሬ ዓይኔ ማስቸገር ጀምሮኝ ስለነበር፣ “የልጄ ዓይን ስል ነው” እያልኩ ለጎረቤት እኩራራበታለሁ። አንድ ቀን ፌርማታ ላይ ቆመን የሚመጣው አውቶቡስ ስንት ቁጥር እንደሆነ ጠየቅኩት። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ቆየና “እማዬ፣ ሲቀርብ እነግርሻለሁ” አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። በዚያ ዓመት ውጤቱ ወርዶ፣ አስተማሪዋ “ከሰሌዳ አይገለብጥም፣ ከአጠገቡ ልጅ ደብተር ይቀዳል” ብላ ወላጅ አስጠርታ ነበር። እኔም ቤት ወስጄ ቀጥቼዋለሁ። ነርስ ሆኜ በጤና ጣቢያ ስንቱን ልጅ የመረመርኩ ሴት፣ የራሴን ልጅ ባለማየቱ ቀጣሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንዴት አንድ ዓይን መርፌ እያየ አውቶቡስ ይስተዋል? እስቲ ጋዜጣውን አስቀምጡና አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አውራ ጣታችሁን አንድ ስንዝር ያህል ከፊታችሁ አቁሙ። (ከ45 በላይ የሆናችሁ እንደ እኔው ራቅ አድርጉት።) ጣታችሁን ስታዩ ከመስኮቱ ማዶ ያለው ዛፍ ይደበዝዛል፤ ዛፉን ስታዩ ደግሞ ጣቱ።

ከብሌኑ ኋላ ጥርት ያለች ሌንስ አለች። ቃሉ ራሱ በላቲን ምስር ማለት ነው፤ ቅርጿም ያንኑ ይመስላል። ዙሪያዋን በቀጫጭን ክሮች ቀለበት ከመሰለ ጡንቻ ጋር ተያይዛለች። ሩቅ ስናይ ጡንቻው ያርፋል፣ ክሮቹ ይወጠራሉ፣ ሌንሷም ትሳሳለች። ቅርብ ስናይ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ቀለበቱ ይጠብባል፣ ክሮቹ ይላላሉ፣ ሌንሷም ወፈር ትላለች። በዚያው ቅጽበት ብሌኑ ይጠብባል፣ ሁለቱም ዓይኖች ወደ አፍንጫ ይዞራሉ። ጡንቻው ሲኮማተር ክሮቹ የሚወጠሩ ይመስላል፤ እኔም በተማሪነቴ ለፈተና ገልብጬ ጽፌዋለሁ። ትክክለኛውን አሠራር ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ በ1855 እ.ኤ.አ. አብራርቶታል። ዕድሜ ሲገፋ ሌንሷ ትደርቃለች፤ ጋዜጣ እያራቅን የምናነበው ለዚህ ነው።

የልጄ ችግር ግን ሌላ ነበር። ስንወለድ ዓይናችን ከፊት እስከ ኋላ ወደ 17 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ስናድግ ወደ 24 ይደርሳል። አንዳንድ ልጅ ላይ ግን ርዝመቱ ልኩን ያልፋል። ያን ጊዜ የሩቁ ምስል ሬቲናው ላይ በማረፍ ፈንታ ከፊቱ ላይ ይሰበሰባል። ማዮፒያ የሚባለው ይህ ነው። አንዲት ሚሊ ሜትር ትርፍ ርዝመት ወደ 3 ዲዮፕተር የሚጠጋ መነጽር ትጠይቃለች። ጡንቻው ደግሞ ሌንሷን ማወፈር እንጂ በዕረፍቱ ካለው አልፎ ማሳሳት አይችልም። ስለዚህ ልጁ የቀረው ዘዴ ዓይኑን ማጥበብ ነው፤ በጠባብ ቀዳዳ የሚገባ ብርሃን ምስሉን ትንሽ ያጠራለታል።

ምርመራው ላይ ጡንቻውን የሚያሳርፍ ጠብታ ተደረገለት። የልጅ ጡንቻ ብርቱ ስለሆነ ያለ ጠብታ ከተለካ የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ከጠብታው በኋላ ቅርቡ ይደበዝዛል፣ ብርሃንም ያስቸግራል፤ እንደ ጠብታው ዓይነት ከአንድ ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል አትደንግጡ፣ የቤት ሥራም አታስገድዱት።

መነጽር ሲታዘዝ ግን ቤታችን ተተራመሰ። እናቴ “ገና ጨቅላ ነው፣ ከለመደው አይለቀውም፤ ዓይኑ ይሰንፋል” አሉ። ይህን ዛሬም ከተማሩ ወላጆች እሰማለሁ። የሚያድገው የዓይኑ ርዝመት ነው፤ መነጽሩ አላስረዘመውም። “ደከም ያለ ይሰጠው” የሚሉም አሉ። ተሞክሯል፤ መርዘሙን አልገታም፣ ልጁንም በብዥታ አስቀመጠው።

የሚረዳው ነገር ቀላል ነው፦ ደጅ። በቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ የአንደኛ ክፍል ልጆች በየትምህርት ቀኑ ተጨማሪ 40 ደቂቃ ደጅ እንዲያሳልፉ ተደረገ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚለው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ማዮፒያ የያዛቸው ከእነዚህ ከመቶው 30 ያህሉ ሲሆኑ እንደወትሮው ከተማሩት ግን 40 ያህሉ ነበሩ። ልዩነቱ ትንሽ ነው የሚል ይኖራል። አንድ ብልቃጥ መድኃኒት ሳይገዛ ከመቶ አስር ልጅ ማትረፍ ለጤና ባለሙያ ትንሽ አይደለም። ምክንያቱ የቀን ብርሃን ሬቲናው ውስጥ የሚያስለቅቀው ዶፓሚን የዓይኑን እድገት ስለሚገታ ነው ተብሎ ይታሰባል። ስልክን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ አልወድም፤ ዘርም አለበት። ግን ከኮንዶሚኒየም በር በትምህርት ቤት ሰርቪስ ተወስዶ፣ በዚያው ተመልሶ ሶፋ ላይ ስልክ የሚይዝ ልጅ፣ ይህ ሁሉ ፀሐይ ባለበት አገር ብርሃን ሳያገኝ ይውላል። አንዴ ማዮፒያ ከጀመረ በኋላ ግን ደጅ መዋል መነጽርን አይተካም። በጣም የረዘመ ዓይን ደግሞ ኋላ ላይ ሬቲናው ሊላቀቅ ስለሚችል ክትትሉን አታቋርጡ።

ልጄ መነጽሩን አድርጎ ስንመለስ የየሱቁን ማስታወቂያ ጮክ ብሎ እያነበበ አደነቆረኝ። ከዚያ ዛፍ ሥር ቆሞ “እማዬ፣ ቅጠሉ አንድ በአንድ ይታያል እንዴ?” አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን የራሱ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። የወላጅ ዓይን እንዲህ ከሆነ የልጅም የመሆን ዕድሉ ስለሚጨምር፣ እሑድ ሲመጡ ስልኩን ተቀብያት ደጅ ይዣት እወጣለሁ። በር ላይ ቆመን የሚያልፈውን መኪና የታርጋ ቁጥር ታነብልኛለች፤ አንዴ በቀኝ ዓይኗ፣ አንዴ በግራ።