የተሳሳተ ጥገና፦ ከቦሌ የሚነሡ የበረራ ሠራተኞችና የዘር ክር

ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከሚገኘው የአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በ10 እና በ12 ኪሎ ሜትር መካከል የሚበር አውሮፕላን፣ የጠፈር ጨረርን የሚመክተውን አየር አብዛኛውን ከበታቹ ስለሚተው፣ በውስጡ ያሉት ሰዎች ምድር ላይ ካሉት ይልቅ ለጨረሩ ይጋለጣሉ። ጨረሩም የዘር መረጃ የሰፈረበትን ዲኤንኤ የተባለ ረጅም ሞለኪውል ሊበጥስ ይችላል።

በእርግጥ ዲኤንኤ ያለ ጨረርም ይጎዳል፤ ከሰውነት የራሱ ኬሚስትሪ የተነሣ በእያንዳንዱ ህዋስ በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠር ጉዳት ይደርሳል፣ አብዛኛውም ይጠገናል። ቶማስ ሊንዳል፣ ፖል ሞድሪችና አዚዝ ሳንጃር እ.ኤ.አ. በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን የተጋሩት የዚህን ጥገና አሠራር በመግለጣቸው ነው።

ዲኤንኤ ሁለት ክሮች ተጣምረው የሚሠሩት በመሆኑ አንዱ ሲጎዳ ሌላው ለጥገናው ዋቢ ይሆናል፤ አስጊው ጉዳት ሁለቱም በአንድ ቦታ ሲበጠሱ የሚፈጠረው ነው። ህዋሱ ዲኤንኤውን ካባዛ በኋላ ከሆነ፣ የብራና ጸሐፊ የተቀደደን ቅጠል ከሌላ ቅጂ አይቶ እንደሚሞላ፣ የጎደለውን ከጤነኛው ቅጂ ይገለብጣል፤ ለዚህም በጡት ካንሰር ስማቸው የሚነሣው ቢአርሲኤ 1 እና ቢአርሲኤ 2 የተባሉ ጂኖች ያስፈልጉታል። ሌላው መንገድ ጫፎቹን ያለ ቅጂ በቀጥታ ያገጣጥማል፤ ፈጣን ቢሆንም ጥቂት መረጃ ሊያጠፋ፣ ክሮሞዞም ከተባሉት የዲኤንኤ ጥቅሎች ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተበጠሱ ደግሞ የአንዱን ጫፍ ከሌላው ጋር ሊያጋጥም ይችላል።

በእንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ የሚፈጠር አንድ ክሮሞዞም በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ጤነኛው አንድ ሳይሆን ሁለት ወገብ አለው፤ ህዋሱ በሚከፈልበት ጊዜ ወገቦቹ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ሊሳቡ ስለሚችሉ ክሮሞዞሙ እንደገና ይበጠሳል፣ አዲሶቹ ጫፎችም ዳግመኛ ይጋጠማሉ። ባርባራ ማክሊንቶክ ይህን ዑደት በ1930ዎቹ መጨረሻ በበቆሎ ላይ አስተውለዋል። የዘር መረጃ አለመረጋጋት ከብጣሹ ይልቅ ከተሳሳተው ጥገና የሚመነጨው በዚህ መንገድ ነው።

ወደ በረራ ሠራተኞቹ ስንመለስ፣ የአዲስ አበባ አቀማመጥ ይጠቅማቸዋል፤ ከተማዋ ለምድር ማግኔታዊ ወገብ ቅርብ በመሆኗ የማግኔት መስኩ ብዙውን ጨረር ያርቃል፣ ወደ አውሮፓና ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚዘልቁት በረራዎች ግን ይህ ጥበቃ ወደሚሳሳበት ይገባሉ። ዓለም አቀፉ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ምክረ ሐሳብ የበረራ ሠራተኞችን መጋለጥ ከሥራ ጋር የተያያዘ ብሎ ፈርጆታል። ብዙውን ጊዜ የዓመቱ የጨረር መጠን በመለኪያው አሃድ ጥቂት ሚሊሲቨርት ሲሆን ለሠራተኛ ከተፈቀደው 20 ሚሊሲቨርት በታች ነው፤ ለፅንስ ግን ገደቡ ወደ 1 ሚሊሲቨርት ስለሚወርድ፣ ነፍሰ ጡር አስተናጋጅ የበረረችባቸው መስመሮች ሒሳብ በወጉ መያዝ ይገባዋል።