ኳስ የማይነኩ ግዙፎች፦ የ2013ቱ ጀማሪዎች ዕጣ

በአሜሪካ ፉትቦል የማጥቃት መስመር የሚባለው ኳሱን ከሚወረውረው ከኳርተርባኩ ፊት ተደርድረው የሚቆሙ አምስት ሰዎች ያሉበት ግንብ ነው። መካከል ላይ ያለው ሴንተር ይባላል፤ ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ የሚያቀብለው እሱ ነው። በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ከእነሱ ቀጥሎ በሁለቱ ዳር ደግሞ ሁለት ታክሎች ይቆማሉ። በተለመደው አሰላለፍ ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ እንዲይዙ ሕጉ አይፈቅድላቸውም። ከሴንተሩ በቀር ብዙዎቹ የውድድር ዘመኑን ሙሉ ኳስ በእጃቸው ሳይነኩ ይጨርሳሉ። የአንዱ ክብደት 140 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በሸዋ ሮቢት ገበያ ከመኪና የሚወርድ አንድ ኩንታል ጤፍ 100 ኪሎ እንደሆነ ለሚያውቅ አንባቢ የሰውየው ግዝፈት ወዲያው ይታየዋል።

የጨዋታው ሐሳብ ቀላል ነው። በአንድ ወገን አሥራ አንድ ሰው ይሰለፋል፤ አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ አሥር ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ መግፋት አለበት። ከገፋ አራት ሙከራ እንደገና ያገኛል፣ ካልገፋ ኳሱ ለባላጋራው ይሄዳል። ኳርተርባኩ የሚያቀብለውን ሰው እስኪያገኝ ሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል ያስፈልገዋል፤ የአምስቱ ሰዎች ሥራ ያንን ጊዜ መግዛት ነው። ባላጋራውን በእጅ ጨምድዶ ማስቀረት ክልክል ስለሆነ፣ ጥፋቱም አሥር ያርድ ወደ ኋላ ስለሚያስመልስ፣ ሩጫውን የሚገቱት በደረታቸው፣ በመዳፋቸውና በእግር አረጋገጣቸው ነው።

የግራው ታክል ዋጋ ከሌሎቹ ከፍ የሚለው በአንድ ምክንያት ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ኳርተርባክ ለመወርወር ሲዘጋጅ ጀርባውን ለግራ ወገን ይሰጣል፤ ከዚያ የሚመጣውን አያይም። ኖቬምበር 18 ቀን 1985 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኒውዮርክ ጃይንትሱ ሎውረንስ ቴይለር የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ ጆ ታይዝማንን ሲጥለው እግሩ ተሰበረ፤ ታይዝማን ከዚያ በኋላ አልተጫወተም። እንዲህ ያሉ ፈጣን ተከላካዮች በመጡ ቁጥር ያንን ዳር የሚጠብቀው ሰው ደመወዝ እያደገ ሄደ።

ወደ አሜሪካ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ የሚገባው ወጣት በርዕሱ ላይ ጀማሪ የተባለው ነው፤ አሜሪካኖቹ ሩኪ ይሉታል። የሚገባበት ዋናው በር ድራፍት ነው። 32ቱ ክለቦች በየዓመቱ ሚያዝያ ውስጥ ተራ ይዘው ከኮሌጅ ተጫዋቾች መካከል በሰባት ዙር ይመርጣሉ፤ ደካማው ክለብ ቀድሞ የመምረጥ ዕድል አለው። የተመረጠው ልጅ ክለቡን አይመርጥም። ክለቡና የአሠልጣኙ ጥራት በዕጣ እንደሚደርስ ነገር ነው፤ ይህ ደግሞ ለመስመር ተጫዋች ከማንም የበለጠ ክብደት አለው። ከ2011ዱ የተጫዋቾችና የባለቤቶች ስምምነት ወዲህ የጀማሪ ውል አራት ዓመት ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ለተመረጠው ክለቡ አምስተኛ ዓመት ሊጨምር ይችላል። ገንዘቡም በምርጫው ቁጥር የተተመነ ነው። ክረምት ላይ 90 ሰው ወደ ልምምድ ካምፕ ይገባል፣ ውድድሩ ሲጀመር 53 ብቻ ይቀራሉ፤ ከእነዚያ ውስጥ የማጥቃት መስመር ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኝ ያህል ናቸው።

ከዚህ በኋላ የጀማሪው ዕጣ ምን እንደሚሆን የ2013ን ድራፍት ያህል በግልጽ የሚያሳይ የለም። በዚያ ዓመት 254 ተጫዋቾች ተመረጡ፤ ከመጀመሪያዎቹ አራት ሦስቱ ታክሎች ነበሩ። አንደኛው ኤሪክ ፊሸር ወደ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ፣ ሁለተኛው ሉክ ጆከል ወደ ጃክሰንቪል ጃጓርስ፣ አራተኛው ሌን ጆንሰን ወደ ፊላደልፊያ ኢግልስ ሄዱ። ከእነሱ በጣም ርቆ በአራተኛው ዙር፣ 109ኛ ሆኖ፣ ዴቪድ ባክቲያሪ የተባለ ወጣት በግሪን ቤይ ፓከርስ ተመረጠ። 42ኛው ደግሞ ስሙ የኢትዮጵያን አንባቢ ጆሮ የሚያቆም ሰው ነው፦ ምኒልክ ዋትሰን።

የምርጫው ቁጥር ገንዘብን ይተምናል እንጂ ችሎታን አይተምንም። ፊሸር የፈረመው የአራት ዓመት ውል 22 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ የባክቲያሪ ከ3 ሚሊዮን በታች። ይሁን እንጂ ፊሸር በመጀመሪያው ዓመት ቀኝ ዳር ተሰልፎ ተቸገረ፤ ወደ ግራ የዞረው በሁለተኛው ዓመት ነው። ባክቲያሪ ግን የግራው ታክል በልምምድ ስለተጎዳ ቦታውን ይዞ በውድድር ዘመኑ 16 ጨዋታዎች ሁሉ ተሰለፈ። በ2020 ውሉን ለአራት ዓመት ሲያራዝም 92 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተቆረጠለት። ያሳዝናል፣ ውሉን በፈረመ በሳምንታት ውስጥ፣ በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን፣ ልምምድ ላይ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፤ ከዚያ በኋላ ጤናው ሙሉ ለሙሉ አልተመለሰም፤ ክለቡም በ2024 አሰናበተው። ፊሸር በበኩሉ በዝግታ በሰለ፤ በፌብሩዋሪ 2020 ቺፍስ ሻምፒዮን ሲሆን የግራውን ዳር የሚጠብቀው እሱ ነበር።

የጆከል ነገር ይከብዳል። አራት ጨዋታ በቀኝ ዳር ከተጫወተ በኋላ ክለቡ የግራውን ታክል ለሌላ ክለብ አሳልፎ ሰጠና ጆከልን ወደዚያ አዞረው። እዚያ በተሰለፈበት በመጀመሪያው ጨዋታ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ የመጀመሪያው ዓመት በዚያው አለቀ። በኋላም ጋርድ ሆኖ ሞከረ፤ ከ2017 ውድድር ወዲህ ግን በሊጉ አልታየም። ከሺህ ተጫዋቾች መካከል ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠ ወጣት ሥራው አምስት ዓመት ብቻ ቆየ።

ይህ ልዩነት ከጉዳት ባሻገር ሌላም ምክንያት አለው። በኮሌጅ ብዙ ቡድኖች ኳሱን ቶሎ ስለሚወረውሩ የመስመሩ ልጅ ባላጋራውን ረጅም ጊዜ መግታት አይለምድም። ወደ ሊጉ ሲገባ የሚገጥመው ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ይህን ብቻ ሲሠራ የኖረ ጎልማሳ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ሁለት ተከላካዮች ተጠላልፈው ቦታ ሲለዋወጡ ነው፤ ታክሉና ጋርዱ ያንን አይተው የየራሳቸውን ሰው በቅጽበት መቀባበል አለባቸው። ሰባ ሺህ ሰው በሚጮህበት ሜዳ ቃል አይሰማም፤ መግባባቱ በልማድ ብቻ ነው።

በይፋት ቆላም ሆነ ከላይ በደጋው ወይፈን ሲገራ ቀንበር ከለመደ በሬ ጋር ነው የሚጠመደው። በሬው ሲዞር ወይፈኑ ይዞራል፣ ሲቆም ይቆማል፤ ሁለት ወይፈን አንድ ላይ ቢጠመዱ ግን ትልሙ ይጣመማል። የመስመር ጀማሪም እንደዚያው ነው። ሌን ጆንሰን ፊላደልፊያ ሲገባ ከጎኑ የቆመው ጋርድ ቶድ ሄረማንስ ከ2005 ጀምሮ በዚያ ክለብ የተጫወተ ነበር፤ ሴንተሩ ጄሰን ኬልሲ፣ የግራው ታክል ጄሰን ፒተርስ ነበሩ። የመስመሩ አሠልጣኝ ጄፍ ስታውትላንድም በዚያው ዓመት ነበር የመጣው። በ2013 የመስመሩ አምስት ሰዎች ሳይለወጡ 16ቱንም ጨዋታ አብረው ጀመሩ፤ ከኋላቸው የሚሮጠው ለሾን ማኮይ 1,607 ያርድ ሮጦ ከሊጉ አንደኛ ሆነ። ጆንሰን በኮሌጅ ኳርተርባክ ሆኖ ጀምሮ ቦታ እየቀያየረ ታክል የሆነ ልጅ ነው፤ ሥራውን የተማረው ግን ከለመዱ ሰዎች ጎን ነው።

ምኒልክ ዋትሰንን ይህ ዕድል አልገጠመውም። የተወለደው በ1988 በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር ነው፤ ኢትዮጵያዊ አይደለም። ስሙ ግን በአንጎለላ ተወልደው ከአንኮበር አምባ ሸዋን የገዙት የዳግማዊ ምኒልክ ስም ነው፤ አንኮበር ደግሞ ከይፋት ቆላ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ከራሱ በላይ ያለ ተራራ ነው። ልጅ ሳለ እግር ኳስ፣ ኋላም ቅርጫት ኳስ ተጫወተ፤ በቅርጫት ኳስ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ኒውዮርክ ውስጥ ሜሪስት ኮሌጅ ገባ። የአሜሪካ ፉትቦል የጀመረው በ2011 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሳድልባክ ኮሌጅ ነው። በ2012 ለፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ የውድድር ዘመን ቀኝ ታክል ሆኖ ተጫወተ፤ በቀጣዩ ሚያዝያ ኦክላንድ ሬይደርስ መረጠው። ሁለት ዓመት ብቻ በተጫወተው ጨዋታ 42ኛ ሆኖ መመረጥ ከፍ ያለ ነገር ነው፤ ግዙፍ ሆኖ እግሩ ቀላል መሆኑ፣ የቅርጫት ኳስ ልማዱ፣ መራጮቹን ማርኳል።

ሆኖም ገና በካምፑ ባቱ ተጎዳ፤ የመጀመሪያውን ዓመት አብዛኛውን ከሜዳ ውጭ አሳለፈ። ልምድ ለሌለው ሰው የጠፋ ልምምድ ከሌላው እጥፍ ይጎዳል፤ ሌሎቹ በአሥራ አምስት ዓመታቸው የተማሩትን እሱ በሃያ አራት ዓመቱ ነበር የሚማረው። በ2014 ዋና አሠልጣኙ በውድድሩ መካከል ተባረረ፤ በ2015 ሌላ ዋና አሠልጣኝና ሌላ የመስመር አሠልጣኝ መጡ፤ በዚያው ዓመት ክረምት የዋትሰን የተረከዝ ጅማት ተበጠሰና የውድድሩ ዘመን አለፈው። በ2017 ወደ ዴንቨር ብሮንኮስ ተዛወረ፤ እዚያም ጉዳት ውድድሩን ሳይጨርስ አስቀረው። በሊጉ የተጫወተው እስከዚያ ነው። ሰነፍ ወይም ችሎታ የሌለው ነበር ማለት ስህተት ነው። አካሉ ፋታ አልሰጠውም፣ አስተማሪዎቹም አልረጉለትም።

የጀማሪው የመጀመሪያ ፈተና ከባላጋራም ይቀድማል፤ ሙቀት ነው። ካምፑ በጁላይና በኦገስት ነው የሚካሄደው። ግዙፍ ሰው በሰውነቱ ውስጥ የሚያመነጨው ሙቀት ብዙ ነው፤ ላቡ የሚያቀዘቅዘው ሲተን ብቻ ነው፣ አየሩ እርጥብ ከሆነና ራስ ቆብና የትከሻ መከላከያ ከለበሰ ደግሞ አይተንም። ጁላይ 31 ቀን 2001 የሚኔሶታ ቫይኪንግሱ ታክል ኮሪ ስትሪንገር በማንካቶ ከተማ ልምምድ ላይ ወደቀ፤ የሰውነቱ ሙቀት ከ42 ዲግሪ ሴልሲየስ አልፎ ነበር፤ በማግሥቱ ሞተ። የ27 ዓመት ሰው፣ ከሊጉ ምርጦች አንዱ ነበር። በሸዋ ሮቢት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር እንኳ በማይሞላው ቆላ፣ የሽንኩርት ማሳ የሚሠራ ሰው ማለዳ ወጥቶ ቀትር ላይ ጥላ የሚፈልገው ይህንኑ ስለሚያውቅ ነው፤ ሊጉን ግን ይህን መማር ሕይወት አስከፈለው። ከዚያ በኋላ ውኃ፣ እረፍትና የሐኪም ክትትል ጠበቅ ብለዋል። በሙቀት የተመታ ሰው ከምንም በፊት በበረዶ ውኃ ውስጥ መነከር እንዳለበትም ታውቋል፤ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ ነው ደንቡ። በሚኒያፖሊስ፣ በዳላስና በዋሽንግተን ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ልጃቸው ለትምህርት ቤት ቡድን ሲመዘገብ የበረዶ ገንዳ መኖሩን ቢጠይቁ ከማንኛውም ጥያቄ ይልቅ ይጠቅማል።

ዘግይቶ የጀመረ ሁሉ ግን እንደ ዋትሰን አልሆነም። ሊጉ በ2017 ለውጭ አገር ሰዎች ልዩ የሥልጠና መንገድ ከፍቷል። በእሱ በኩል የመጣው ጆርዳን ማይላታ በሲድኒ የተወለደ፣ ወላጆቹ ከሳሞአ የሆኑ፣ ራግቢ ብቻ የተጫወተ ወጣት ነበር። ፊላደልፊያ በ2018 በመጨረሻው ዙር፣ 233ኛ አድርጎ ሲመርጠው አንድም የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ አልተጫወተም። ሁለት ዓመት በልምምድ ብቻ፣ በስታውትላንድ እጅ፣ ቆየ፤ በ2020 ተሰለፈ፤ በ2024 የተፈራረመው ማራዘሚያ የሦስት ዓመት፣ 66 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከአፍሪካም ናይጄሪያዊው ሮይ ምባኤቴካ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት በ2022 ለኒውዮርክ ጃይንትስ ፈርሟል። ክለቦች ሁለት ዓመት ታግሠው የሚያስተምሩት ሰው ሲያገኙ ምን እንደሚያተርፉ የማይላታ ነገር በቂ ማስረጃ ነው፤ ችግሩ ብዙዎቹ ክለቦች ሁለት ዓመት የማይታገሡ መሆናቸው ነው።

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025 በኒው ኦርሊንስ በተደረገው 59ኛው ሱፐር ቦውል፣ በሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ፊላደልፊያ ካንሳስ ሲቲን 40 ለ 22 አሸነፈ። በግራው ዳር 233ኛ የተመረጠው ማይላታ፣ በቀኙ ዳር ከ2013ቱ ጀማሪዎች አንዱ የነበረው የ34 ዓመቱ ሌን ጆንሰን ቆመው ነበር። ምኒልክ ዋትሰን የመጨረሻ ጨዋታውን ካደረገ በዚያን ቀን ሰባት ዓመት አልፎታል።