ከጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር ምን ይነግረናል?

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባችን የመኪናቸውን ጎማ ለማስቀየር ሲሄዱ አብረናቸው ሄደን ነበር። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ2008 የተሠራች ቶዮታ ራቭ ፎር ናት። የጎማዎቿ ጥርስ አልቆ ገጻቸው ልሙጥ ሆኗል፤ ባልደረባችን ደግሞ በሳምንቱ ባለቤታቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ድሬዳዋ ሊጓዙ አስበዋል። ሻጩ ጎማዎቹን አየና፣ «ጋሼ፣ ይኼን ባለ አሥራ ሰባት ቸርኬ ይተዉትና ባለ አሥራ ስምንቱን ላስገባልዎት፤ ከነጎማው አለኝ። ብዙም አልሠራም። መኪናዋ ከፍ ትላለች፤ ግርማም ይኖራታል» አላቸው። የጠየቀውም ዋጋ አራት አዳዲስ ጎማ ከሚያወጣው ያነሰ ነበር። ባልደረባችን ወደ እኛ ዞር ብለው፣ «የፊዚክስ ሰው ምን ይላል?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም እስክሪብቶ አውጥተን በደረሰኝ ጀርባ ላይ ማስላት ጀመርን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ስሌት ማብራሪያ ነው።

ቁጥሮቹን ማንበብ

በመኪናዋ ጎማ ጎን ላይ «225/65 አር 17 102 ኤች» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። የመጀመሪያው ቁጥር፣ 225፣ የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው፣ 65፣ ርዝመት ሳይሆን ንጽጽር ነው፤ ይኸውም ከቸርኬው ጠርዝ እስከ ጎማው ጥርስ ያለው የጎን ቁመት የወርዱ 65 በመቶ መሆኑን ይገልጻል። «አር» የሚለውን ፊደል አንዳንድ ተማሪዎቻችን «ሬዲየስ» ብለው ሲተረጉሙት እንሰማለን፤ ይህ ስሕተት ነው። ፊደሉ «ራዲያል» የተባለውን የጎማ አሠራር ያመለክታል። በዚህ አሠራር የጎማው የውስጥ ክሮች እንደ ጨረር ከመሐል ወደ ውጭ በሚያመራ አቅጣጫ ተዘርግተው ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ሚሽሊን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ቀጥሎ ያለው 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 102 አንዱ ጎማ ሊሸከም የሚችለውን ከፍተኛ ጭነት የሚያመለክት መለያ ሲሆን 850 ኪሎ ግራም ማለት ነው፤ «ኤች» ደግሞ እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚደርስ ፍጥነትን ይፈቅዳል።

እንግዲህ በአንድ መስመር ላይ ሚሊ ሜትር፣ መቶኛና ኢንች ተቀላቅለው ይገኛሉ። ስሕተቱም የሚጀምረው ገዢው ከእነዚህ መካከል አንዱን ቁጥር ብቻ ሲመለከት ነው።

የጎማው ጠቅላላ ዲያሜትር

የጎን ቁመቱ 225 × 0.65 = 146.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቸርኬው 17 × 25.4 = 431.8 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማው ከቸርኬው በላይም በታችም ጎን ስላለው ጠቅላላ ዲያሜትሩ 431.8 + 2 × 146.25 = 724.3 ሚሊ ሜትር ነው።

ከ2006 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. የተሠራው የራቭ ፎር ትውልድ ከፋብሪካ ሲወጣ ከተገጠሙለት መጠኖች ሦስቱን በዚሁ መንገድ እናስላ፦

215/70 አር 16፦ 707.4 ሚሊ ሜትር
225/65 አር 17፦ 724.3 ሚሊ ሜትር
235/55 አር 18፦ 715.7 ሚሊ ሜትር

ቸርኬው ከ16 ወደ 18 ኢንች ሲያድግ በ50.8 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። በሦስቱ ጠቅላላ ዲያሜትሮች መካከል ያለው ከፍተኛ ልዩነት ግን ከ17 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ይህ የሆነው ቸርኬው ባደገ ቁጥር መካከለኛው ቁጥር ከ70 ወደ 65፣ ከዚያም ወደ 55 ዝቅ ስላለ ነው። ከዚህ በመነሣት ዋናውን ደንብ ማስቀመጥ እንችላለን፦ ቸርኬ ሲያድግ የጎማው ጎን ማጠር፣ ጠቅላላው ዲያሜትር ግን ባለበት መቆየት አለበት።

ሻጩ ያቀረበው ጎማ 235/65 አር 18 ነበር። ቸርኬው አድጓል፤ መካከለኛው ቁጥር ግን ዝቅ አላለም። ዲያሜትሩ 762.7 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ይህም ከነባሩ በ38.4 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በ5.3 በመቶ ይበልጣል።

አምስት በመቶ ምን ያመጣል?

አንደኛ፣ የፍጥነት መቁጠሪያው መኪናዋ በመሬት ላይ የሄደችበትን ርቀት በቀጥታ አይለካም፤ የመንኮራኩሩን ዙር ቆጥሮ አስቀድሞ በተወሰነ የጎማ ዙሪያ ያባዛል። ዙሪያው ቢያድግ መቁጠሪያው ይህን አያውቅም። ስለዚህ የጎማ ልዩነቱን ብቻ ብንወስድ፣ መቁጠሪያው 100 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 105 ገደማ ይሆናል። የእንቅስቃሴ ጉልበት ደግሞ ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ ፍሬኑ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ጉልበት 11 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሾፌሩ ይህ ጭማሪ መኖሩን አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ጎማው መሬቱን የሚገፋበት ኃይል የሚገኘው የማዞሪያው ኃይል ለጎማው ራዲየስ ሲካፈል ነው። ራዲየሱ በ5 በመቶ ሲያድግ ሞተሩ ዳገት ላይ የሚሰጠው የመግፋት ኃይል በዚያው መጠን ይቀንሳል። የፍሬን ፔዳሉ በተመሳሳይ ኃይል ሲረገጥ መኪናዋን የሚገታው ኃይልም እንዲሁ ያንሳል። በአንድ በኩል የሚቆመው ጉልበት አድጓል፤ በሌላ በኩል የሚያቆመው ኃይል አንሷል።

ሦስተኛ፣ ራዲየሱ በ19 ሚሊ ሜትር ስላደገ መኪናዋ በእርግጥ ከፍ ትላለች፤ ነገር ግን የክብደት ማዕከሏም አብሮ ከፍ ይላል። አምስት ሰውና ሻንጣ ተጭኖ፣ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ሊፋተግ ይችላል።

የጎማው ጎን ምንጭ ነው

«እንግዲያው ፋብሪካው ራሱ የገጠመውን 235/55 አር 18 ብንፈልግስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በዲያሜትር በኩል እንከን የለውም። ሆኖም የጎን ቁመቱ 129 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከነባሩ በ17 ሚሊ ሜትር ያጥራል። የጎማ ጎን በአየር የተሞላ ምንጭ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። መንኮራኩሩ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ የሚመጣው ጉልበት በዚህ ምንጭ መታጠፍ ይዋጣል። ያው ጉልበት በአጭር ርቀት ከተዋጠ የሚፈጠረው ኃይል ይበልጣል፤ ቸርኬም የሚጎብጠው፣ የጎማው ጎንም የሚያብጠው በዚህ ምክንያት ነው። አጭር ጎን ያለው ጎማ በለስላሳ አስፋልት ላይ መሪን ቶሎ ይታዘዛል። ኮረኮንችና ጉድጓድ ለሚበዛበት መንገድ ግን ረጅም ጎን ይመረጣል።

ጭነቱን የሚሸከመው አየሩ ነው

ወርዱ የሰፋ ጎማ መሬቱን በሰፊው ስለሚነካ ይበልጥ ይይዛል የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ አለ። ጭነቱ 2000 ኪሎ ግራም ከሆነ ለእያንዳንዱ ጎማ 500 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 4900 ኒውተን ያህል ይደርሰዋል። የጎማው ንፋስ 220 ኪሎ ፓስካል ቢሆን መሬት የሚነካው ስፋት በግምት 4900 ÷ 220000 = 0.022 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህም ከአንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ሲሶ ብዙም አይበልጥም። የጎማው ጎን ጥንካሬ የጭነቱን ጥቂት ክፍል ስለሚሸከም ስሌቱ ግምታዊ ነው፤ መልእክቱ ግን ግልጽ ነው። ስፋቱን በዋናነት የሚወስኑት ጭነቱና የንፋሱ ግፊት እንጂ ወርዱ አይደለም። ሰፊ ጎማ የሚለውጠው የስፋቱን ቅርጽ ነው፤ አጭርና ሰፊ ያደርገዋል። በዝናብ ጊዜ ደግሞ ወደ ጎን መገፋት ያለበትን ውኃ ስለሚያበዛ ጎማው በውኃ ላይ መንሳፈፍን ያቀለዋል፤ ጥርሱ ካለቀማ አደጋው የባሰ ነው።

የጭነት መለያው ቁጥር ከነባሩ ማነስ የለበትም የምንለውም ለዚሁ ነው። 102 የነበረውን በ98 መተካት ከ850 ወደ 750 ኪሎ ግራም መውረድ ነው።

አራቱ አንድ መሆን አለባቸው

ገንዘብ ሲያጥር ሁለት ጎማ ብቻ መቀየር የተለመደ ነው። የጎማ ጥርስ ከ8 ወደ 2 ሚሊ ሜትር ሲያልቅ ዲያሜትሩ በ12 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። በእኛ ምሳሌ አዲሱ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 440 ጊዜ ያህል ሲዞር ያለቀው 447 ጊዜ ያህል ይዞራል። በአራቱም እግሯ በምትጎትት መኪና ይህን የሰባት ዙር ልዩነት የፊትና የኋላውን የሚያገናኘው ክላች በመንሸራተት ሊውጠው ይገደዳል፤ መንሸራተት ደግሞ ሙቀትና መበላት ነው። በፊት እግሯ ብቻ ለምትጎትት መኪና ሁለት መግዛት የግድ ከሆነ አዲሶቹ ከኋላ ይገጠሙ። በእርጥብ መንገድ የኋላው ከተንሸራተተ መኪናዋ ትሽከረከራለችና።

ቸርኬም የራሱ ልክ አለው። የዚህች ራቭ ፎር ቸርኬ አምስት ቀዳዳዎች 114.3 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ባለው ክብ ላይ የተደረደሩ ሲሆን የመሐል ቀዳዳው 60.1 ሚሊ ሜትር ነው። የቸርኬው መቀመጫ ጥልቀትም መታየት አለበት። መንኮራኩሩ በ20 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ቢወጣ፣ 5000 ኒውተን የሚሸከም ከሆነ በኩሽኔታው ላይ 100 ኒውተን ሜትር የሚያህል ተጨማሪ ጠምዛዥ ኃይል ያርፋል። ዳዶው ስለገባ ብቻ ቸርኬው ልክ ነው ማለት አይደለም።

በአዲስ አበባ እየበዙ ለመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ደንቡ አይለወጥም። የቮልስዋገን አይዲ 4 ከፊት 235/55 አር 19፣ ከኋላ 255/50 አር 19 ይገጠምለታል። ቁጥሮቹ የተለያዩ ይመስላሉ፤ ዲያሜትራቸው ግን 741.1 እና 737.6 ሚሊ ሜትር ነው። ባትሪው መኪናውን ስለሚያከብደው የጭነት መለያው በተለይ ሊጤን ይገባል።

የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች

ስሌታችንን ጨርሰን ወረቀቱን ለባልደረባችን ስናሳያቸው ሻጩ፣ «ጥርሱን ግን እዩት፤ ገና ነው» አለ። እውነቱን ነበር፤ ጥርሱ ገና ነው። በጎማው ጎን፣ ዲኦቲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ በሚገኘው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ግን 1114 የሚል ተቀርጿል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2014 በ11ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጎማ ቆሞም ያረጃል። ኦክስጅን፣ ኦዞንና የፀሐይ ጨረር ላስቲኩን ያደርቁታል፤ ይሰነጣጥቁታል። በመሆኑም ብዙ አምራቾች አሥር ዓመት የሞላው ጎማ ጥርሱ ባያልቅም እንዲወገድ ይመክራሉ።

ባልደረባችን ነባሩን ቸርኬ ይዘው ለመቆየት ወሰኑ። ደመወዝ እስኪወጣ ጉዞውን በሁለት ሳምንት አራዘሙና አራት አዳዲስ 225/65 አር 17 ጎማ ገዙ። ልጆቹ በመዘግየቱ እንዳኮረፉ ነግረውናል።

አንባቢያችንም በሚቀጥለው ጊዜ ከቤተሰቡ መኪና ወይም ከሰፈሩ ታክሲ አጠገብ ሲቆም ጎንበስ ብሎ የጎማውን ቁጥር ያንብብ፤ ዲያሜትሩንም ያስላ። ከዚያም የፊቱን ከኋላው፣ የቀኙን ከግራው ያነጻጽር። ልዩነት ካገኘ ለባለቤቱ ይንገር፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ማባዛትና መደመር ብቻ ነው።