አንድ ብር ሳያክል

በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዙሪያ ባሉ የኪራይ ግቢዎች ድመት የምትያዘው ለአይጥ ነው። አይጥ እስከያዘች ድረስ ሆዷን የሚዳብስ ብዙም የለም። ስታረጅ ግን መዳበስ ያለበት እሱው ነው።

ድመት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ረድፍ 8 ጡቶች አሏት። 10 ዓመት ገደማ ሲሞላት ከአንዱ ሥር ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር ብትገኝ የግቢው ፍርድ ፈጣን ነው፦ «ወተት ቋጥሮባት ነው»። ካልወለደች አሮጊት ድመት ወተት ከየት ይመጣል? ከውሻ የጡት እብጠት ግማሽ ያህሉ ክፉ አይደለም፤ ከድመት ግን ከ10 ስምንቱ ወይም ዘጠኙ ካንሰር ነው። «እስቲ እንጠብቅና እንየው» የሚለው ምክር ለድመት አይሠራም።

ዕድሜዋን የሚወስነው በአብዛኛው የእብጠቱ መጠን ነው። ከ2 ሴንቲ ሜትር ሳያልፍ በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው ድመቶች ብዙዎቹ ሦስት ዓመት ያህል ይኖራሉ፤ ከ3 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ግን ጊዜው ወደ ስድስት ወር ይወርዳል። መለኪያው ኪስ ውስጥ አለ፦ የአንድ ብር ሳንቲም ስፋቱ 27 ሚሊ ሜትር ነው። እብጠቱ ሳንቲሙን ካከለ ጥሩው ጊዜ አልፏል ማለት ነው።

«ቢላ ከነካው ይሰራጫል» የሚባለውም ስህተት ነው። የሚሰራጨው ሳይነካ ሲቀመጥ ነው፤ በብብትና በጭን ንፍፊቶች አልፎ ሳንባ ይገባል። ስለዚህ ሐኪሙ ከቢላ በፊት የደረት ራጅ ያነሳል፣ ኩላሊቷንም በደም ምርመራ ያያል። እርጅና ብቻውን ቀዶ ሕክምናን አይከለክልም። ሳንባዋ ንጹሕ ከሆነ እብጠቱን ብቻ ሳይሆን የዚያን ወገን የጡት ረድፍ በሙሉ ማውጣት ይመረጣል፤ የወጣው ሥጋ ላቦራቶሪ ይሄዳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው፤ ከቦሌ ለሚ ሩቅ አይደለም።

ስድስት ወር ሳይሞላት የመከነች ድመት ይህ በሽታ የሚይዛት ዕድል በ91 በመቶ ይቀንሳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ማምከን ግን ለዚህ አይጠቅማትም።

ሳንባዋ ከተነካ ቀዶ ሕክምናው ይቅርባት፤ ሕመሟን ማስታገስና ማብላት ይበቃል። ማስታገሻውን ግን ሐኪም ይዘዝ። ቤት ካለው ፓራሲታሞል አትስጧት፤ አንድ ፍሬ ድመት ይገድላል።