የሚሰማ ግን የማይናገር ስልክ

ወረታ ላይ የተሰነጠቀ ስክሪን የሚቀይር ባለሙያ ወዲያው ይመሰገናል። የኔትወርክ መጥፋትን መንስኤ ፈልጎ የሚያገኘውን ግን ማንም ልብ አይለውም። የእጅ ስልክ ጥገና ትልቁ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ስልክ ከሌላው ሁሉ በፊት ሬዲዮ ነው። አንቴና፣ አንቴና ስዊች፣ ማጣሪያዎች፣ ፒኤ የሚባለው የኃይል ማጉያና የሬዲዮ አይሲው በአንድ ቦርድ ላይ ተያይዘው ይሠራሉ።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው በኔትወርክ ምልክቱ ዘንጎች ነው። ከርብ ወንዝ ማዶ የመጡ አንድ የሩዝ አራሽ ለባለሙያው ስልካቸውን ሲሰጡ አጠገባቸው ነበርኩ። «ልጄ፣ ኔትወርኩ አለ፤ ልደውል ስል ግን ድራሹ ይጠፋል። ከተማ ታወሩ ሥር ስቆም ብቻ ደህና ነው» አሉ። ጎረቤቶቻቸው ጥፋቱን በታወሩ አሳበው ነበር። ዘንጎቹ ግን የሚለኩት ስልኩ ከታወሩ የሚቀበለውን ብቻ ነው። ስለሚልከው ምንም አይናገሩም። የመቀበያውና የመላኪያው መንገድ እንደ ጆሮና አፍ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ስልክ ከዋት አንድ ትሪሊዮንኛ ያነሰ ሞገድ እንኳ ይሰማል። በ900 ሜጋ ኸርዝ የ2ጂ መስመር ሲናገር ግን እስከ 2 ዋት ማውጣት አለበት። ፒኤው የደከመ ስልክ ወረታ ከተማ ታወር ሥር ይደውላል፤ ፎገራ ሜዳ መሀል እርሻ ላይ ሲሆን ግን ድምፁ ታወሩ ዘንድ አይደርስም።

ባለሙያው በመጀመሪያ የሚሠራ ሲም አስገባ፤ ቀጥሎ *#06# መትቶ የስልኩ መለያ የሆነው አይኤምኢአይ ቁጥር በቦታው መኖሩን አየ። ቁጥሩ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ችግሩን ከሶፍትዌሩ ወይም ከሜሞሪው መፈለግ ይጀምር ነበር። ከዚያ ከሴቲንግ ገብቶ ኔትወርክ በእጅ አስፈለገ። ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም ተዘረዘሩ፤ መቀበያው ደህና ነው ማለት ነው። መርጦ ሊመዘገብ ሲል እምቢ አለ፤ ጥርጣሬው ወደ ፒኤው ዞረ። ፍለጋው አንድም ስም ባያወጣ ኖሮ መጀመሪያ የሚያየው የአንቴናውን መገናኛ ነበር። ፒኤው ሲቀየር ሰውዬው እዚያው ቆመው ቤታቸው ደወሉ።

ስልኩ ሊደውሉ ሲሉ ጭራሽ የሚዘጋ ከሆነ ግን ፒኤውን ከመወንጀል በፊት ባትሪውን ይመልከቱ። ፒኤው በ2ጂ ሙሉ ኃይሉን ሲያወጣ ለቅጽበት ወደ 2 አምፒር ይስባል፤ ያረጀ ወይም ያበጠ ባትሪ ይህን አይችልም።

ሌላው የሚያሳዝነኝ የረጠበ ስልክ ሩዝ ውስጥ መቅበር ነው። ሩዝ አገር ስለሆንን ይሆናል የለመድነው። ሩዝ ቦርዱ ላይ የቀረውን ጨውና ጭቃ አያነሳም፤ የአንቴናው መገናኛ አረንጓዴ ዝገት ማውጣት ይጀምራል። አፕል ራሱ በ2024 ደንበኞቹ ይህን እንዳያደርጉ አሳስቧል። ስልኩን አጥፍቶ፣ ቻርጅ ሳያደርጉ፣ ቶሎ አስከፍቶ በአልኮል ማሳጠብ ይሻላል።

ሳይለኩ ሆት ኤር የሚባለውን የሙቅ አየር መሣሪያ የሚያነሱ ባለሙያዎችም አሉ፤ ደህናውን አይሲ ያቃጥላሉ። ስለዚህ ስልክዎን ሲሰጡ ቦርዱ ከመሞቁ በፊት ኔትወርክ በእጅ እንዲፈለግ ይጠይቁ፤ ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።