የፍርምባ ሽንቁርና የአንገት ጎድን

የሕክምና ተማሪ በመጀመሪያ ዓመቱ የሚሸመድደው ቁጥር አለ፤ በግራ 12 ጎድን፣ በቀኝ 12 ጎድን፣ መካከላቸው አንድ ፍርምባ። ለአብዛኛው ሰው ልክ ነው። ሆኖም አንዳንዱ ተጨማሪ ጎድን ይዞ ይወለዳል፤ የአንዳንዱ ጎድን ጫፍ እንደ መንሽ ለሁለት ይከፈላል፤ የሌላው ፍርምባ ደግሞ ሽንቁር አለው። ብዙዎቹ ይህን ሳያውቁ ይኖራሉ።

እንደ እኔ ከሆነ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ሽንቁሩ ነው። ፅንስ በማሕፀን ሳለ ፍርምባው አንድ ወጥ አይደለም፤ ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት የልም አጥንት ዘንጎች ከላይ ወደ ታች እየተጋጠሙ ይዋሐዳሉ፣ ቀስ በቀስም ይጠነክራሉ። በአንድ ቦታ ሳይሞላ የቀረ እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜ በታችኛው ክፍል፣ ቀዳዳ ይቀራል። ከ100 ሰው በ5ቱ ገደማ ይገኛል። ቆዳና ጅማት ስለሚሸፍነው በጣት ዳብሶ ማወቅ አይቻልም፤ ሲቲ ስካን ግን በግልጽ ያሳየዋል። ከበስተኋላው ያለው ልብ ነው። አኩፓንክቸር በሚባለው የቻይና ባህላዊ ሕክምና የሚወጋ መርፌ በዚህ ቀዳዳ አልፎ ልብን በመውጋቱ ሰው የሞተበት አጋጣሚ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ከፍርምባ መቅኒ የሚቀዱ ሐኪሞች ታችኛውን ክፍል ትተው ላይኛውን የሚመርጡትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አጽም የሚመረምር ባለሙያም የጥይት ቀዳዳ ነው ብሎ እንዳይፈርድ ጠርዙን ያያል፤ ከልደት የመጣው ለስላሳ ነው፣ ዙሪያውም ስንጥቅ የለውም።

የአንገት ጎድን የሚበቅለው ከሰባተኛው የአንገት አጥንት ነው። ያለው ከ100 ሰው አንዱ ቢሆን ነው፤ በሴቶች ይበዛል። ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ወደ ክንድ የሚወርዱትን ነርቮችና ደም ቅዳ ሲጫን ግን እጅ ይደነዝዛል፣ ጣት ይቀዘቅዛል። ሕመሙ ያለው እጅ ላይ በመሆኑ አንገትን ራጅ ማንሳት ቶሎ አይታሰብም፤ በዚህም ሕመምተኛው ብዙ ይንገላታል።

የፍርምባው ጫፍ፣ ደረትና ሆድ የሚገናኙበት ላይ ያለው፣ በአንዳንዱ ሰው ወደ ውጭ ይቀሰራል። ሰውየው ሲከሳ በእጁ ሲዳብስ ያገኘውና ዕጢ በቀለብኝ ብሎ በድንጋጤ ሐኪም ዘንድ ይሮጣል። ዕጢ አይደለም፣ የራሱ አጥንት ነው።

ወደ ጎድን ቁጥር ስንመለስ፣ በአውሮፓ ሔዋን ከአዳም ጎድን ተፈጠረች ከሚለው ታሪክ ተነስቶ ወንድ ከሴት በአንድ ጎድን ያንሳል ተብሎ ሲታመን ኖሯል። የአናቶሚ ሊቁ አንድርያስ ቬሳሊየስ እ.ኤ.አ. በ1543 ባሳተመው መጽሐፉ ቁጥሩ እኩል መሆኑን አሳየ፤ የአዳም አንድ ጎድን ቢጎድል እንኳ የልጆቹ ሁሉ ይጎድላል ማለት እንዳልሆነም አስረዳ።

ዛሬ በጎድን ቁጥር የሚጨነቁት የአከርካሪ ቀዶ ሐኪሞች ናቸው። የትኛው አጥንት ላይ እንዳሉ የሚለዩት ጎድንን መነሻ አድርገው በመቁጠር ስለሆነ፣ አንድ የበዛ ወይም የጎደለ እንደሆነ ቢላዋው የሚያርፈው ጤነኛው ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል።